ጉም ያልነካቸው ምስሎች

ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ካልለካ የማያምን ሰው ነው። ወጥ ሲቀምስ እንኳ «ጨውዋ ስንት ግራም ናት?» ይላል እያሉ ባልደረቦቹ ያሙታል። እናቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግን ማንኩሳ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከደጃቸው ፊት ያለው፣ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር በየክረምቱ መሬቱን እየቆረሰ ወደ ቤታቸው ይጠጋል።

አምና ጎረቤቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ቤትዎን ያንሡ» ሲሏቸው፣ ወንዳወቅ ቦረቦሩን ከክረምት በፊትና በኋላ በስልኩ አንስቶ ከፎቶው ላይ ለካ። ገመድ ይዞ መለካት ማን ከለከለው? የተማረ ሰው አንዳንዴ ቀላሉ ነገር አይታየውም። የስልክ ሌንስ የምስሉን ዳር ያጎብጣልና፣ ጉብጠቱን አግኝቶ የሚያርም ዘዴ አበጀ። ዘዴውን ለመፈተንም የዳማ ገበታ የመሰሉ ምስሎችን በኮምፒውተር ፈጠረ፤ ያጎበጣቸው ራሱ ነውና መልሱን ያውቀዋል። ዘዴው አንዱንም አልሳተም።

«በዓመት የሚቆርሰው አንድ ሜትር ነው እማዬ፤ ቤቱ ጋ እስኪደርስ ገና ሃያ ዓመት አለሽ» አላቸው።

እሳቸውም ቤት ማንሳቱን ትተው ጣሪያውን አዲስ ቆርቆሮ አለበሱት።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ባልደረባው ሕሊና እነዚያን ኮምፒውተር የፈጠራቸውን ምስሎች አይታ፣ «እነዚህ'ኮ ጉም አያውቁም፤ ያነሳቸው እጅም አልተንቀጠቀጠም» አለችው። አፈረ። ለካስ ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መላሽ ሆኖ ኖሯል! ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ጉሙን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ የደመናውን ቀን ብርሃን፣ ሌንሱ ላይ የሚያርፈውን አቧራ ጨመረባቸው። ዘዴው ተንገዳገደ። አስተካክሎት የአምናዎቹን ፎቶዎች እንደገና ሲለካ፣ አንድ ያለው ሜትር ሦስት ሆነ።

ቅዳሜ ማንኩሳ ሄዶ ነገራቸው።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሦስት ነው። ቤቱ መነሳት አለበት።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ እንባቸው መጣ።

«እኔስ ከደጄ እስከ ጠርዙ በእርምጃ እቆጥር ነበር። ከክረምቱ በኋላ አራት እርምጃ ጎደለብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ አንድ ነው አልህ። እርጅና ቆጠራዬን ያሳተው መሰለኝ። ‹ማርያም ሆይ፣ ቤቱስ ይቅር፣ ልቦናዬን ጠብቂልኝ› ስል ከረምሁ።»

ወንዳወቅን ከቤቱ ይልቅ ይኼኛው አንገበገበው። ለወራት እናቱ ራሳቸውን እንዲጠራጠሩ አድርጓቸዋል። እጃቸውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣና እንደገና እንዲቆጥሩለት ለመናቸው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከደጃፋቸው ተነስተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየቆጠሩ ሄዱ። ልጃቸው ከኋላ እየተከተለ በየእርምጃው «አዎ፣ ልክ ነው» ይላቸው ነበር።