ውሻው ያላወቀው ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ አምስተርዳም ኖርድ ከጀልባው ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ መንገዴ ላይ ካለው ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ወንበር ልገዛ ጎራ አልኩ። አንዱ ሠራተኛ ጀርባው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን ለሙከራ ሰክቶ ትቶት ሄዷል። ያ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወንበሩን ረስቼ እዚያው ቆምኩ፤ ትንሽ ፀጉር ሲለበለብ፣ ትንሽ ካርቶን ፀሐይ ላይ ሲውል የሚሸተው ዓይነት ሽታ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ሽታ አያውቁትም። እኔ ግን አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመቴን ረቡዕ በረቡዕ፣ ዴን ሃግ፣ ላክ ሰፈር፣ እትዬ ወይንሸት ሳሎን ውስጥ ስስበው ነው ያሳለፍኩት።

አንድ ነገር በድፍረት ልናገር። ስለዚያ ጥቁርና ነጭ፣ በየክፍሉ አዲስ ታሪክ አዲስ ሰው ይዞ ስለሚመጣ፣ ስለዚያ አሮጌ አስፈሪ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ በዚህ አገር የለም። ኢንተርኔት ላይ ምርጥ አሥር እያሉ የሚደረድሩትን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ተሳስተዋል። ምርጦቹን የመረጥነው እኔና እትዬ ወይንሸት ነን፤ ዝርዝሩንም በእኔ ጠማማ እጅ ጽሑፍ በቤተ ክርስቲያናቸው ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ አስፍረን ኩሽና ውስጥ ሰቅለነው ነበር።

እትዬ ወይንሸት ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ ሃያ ዓመት ቢሮ ያጸዱ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው፣ ድምፃቸው ግን ደረጃውን ሁሉ የሚሞላ ሴት ነበሩ። ደች ቋንቋ ከሰላምታና ከትራም ቁጥር አላለፈላቸውም፤ “ያጸዳሁት ወለል መቼ አናገረኝና ነው የምማረው?” ይሉ ነበር። እናቴ ዞተርሜር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ረቡዕ ደግሞ ትምህርት ቤት በእኩለ ቀን ያልቃል፤ ስለዚህ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቀጥታ የምሄደው ወደ እሳቸው ቤት ነው። እናቴ ጴንጤ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ በጾም ነገር ደረጃው ላይ ቆመው ሲከራከሩ እኔ ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ። አሁን ስጽፍ እሳቸው እላለሁ እንጂ ያኔ አንቺ ነበር የምላቸው። እናቴ በሰማች ቁጥር ትቆነጥጠኛለች፤ እሳቸው ግን ይስቁና፣ “ተያት፣ አስተማሪዋንም አንቺ ብላት ነው የመጣችው” ይሏታል።

ፊልሙ የመጣው በስህተት ነው። እሳቸው በመጨረሻ ሲያጸዱት የነበረው ቢሮ ሲዘጋ ሠራተኞቹን የቀረውን ዕቃ ውሰዱ አሏቸው። ሌላው ወንበርና ማሞቂያ ሲሻማ እትዬ ወይንሸት አንድ ሳጥን ሙሉ ዲቪዲ አንስተው መጡ። ሽፋኑ ላይ ደመና መሃል እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ስላለ መንፈሳዊ ፊልም መስሏቸዋል። አጋጣሚ ሆኖ የመጀመሪያውን ዲስክ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት እያፏጨ ወደ ኋላ መቁጠር ሲጀምር፣ “በስመ አብ! ይሄ ምን ዓይነት ስብከት ነው?” ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ዝጊው ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ትራሳቸውን አስተካክለው የቆሎውን ሳህን ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ “እስቲ ምን ይላል?” አሉኝ።

ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ከሥር በደች ይጻፋል፣ እኔ ደግሞ ጽሑፉን እያነበብኩ በአማርኛ እለዋለሁ። ባልደርስበት እየዘለልኩ፣ የማላውቀው ቃል ሲመጣ ከራሴ እየጨመርኩ፣ አፌ እስኪደርቅ አወራለሁ። እሳቸውም ዝም ብለው የሚያዩ ሰው አልነበሩም፤ “ኧረ አትግባ አንተ ጅል!” ብለው ሰውየውን ይመክሩታል፣ ባለጌውን ይራገማሉ፣ ያልታደለችውን ከንፈራቸውን እየመጠጡ ያዝኑላታል።

ሦስተኛ ያደረግነው የግድግዳውን ክፍል ነው። ብቻውን የሚኖር ሰዓት ሠሪ በየቀኑ ከግድግዳው ጀርባ ሲንኳኳ ይሰማል፤ አንድ ቀን መዶሻ አንሥቶ ቢያፈርሰው፣ ማዶ ያው የራሱ ክፍል ነው፣ ቆሞ የሚያንኳኳውም ራሱ ነው። ሁለተኛው አውቶቡሱ፤ በየፌርማታው የተሳፋሪው ዕድሜ አንድ ዓመት ይቀንሳል፤ አንዲት አሮጊት ልጅነቷን ፈልጋ ተሳፈረች፣ መውረጃዋን ግን ረሳችው። አንደኛው፣ ያለምንም ክርክር አንደኛው፣ የውሻው ነው። አንድ ሰው በመንኮራኩር ጠፈር ደርሶ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ሚስቱ ታቅፈዋለች፣ ጎረቤት ያጨበጭባል፣ ከንቲባው ኒሻን ይሰጠዋል። ውሻው ብቻ አላወቀውም። በሩ ላይ ተኝቶ ሰማይ ሰማዩን እያየ ያለቅሳል። እትዬ ወይንሸት ቆሎውን ትተው፣ “ሰው ይዋሻል፣ ውሻ ግን አይዋሽም። ውሻውን ስሚው አንቺ ሴትዮ!” እያሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮኹ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። የዚህ ፊልም መጨረሻ ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ጣዕሙም እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን የአውቶቡሱ ክፍል ሲያልቅ ሾፌሩ አንዲት የምታለቅስ ጨቅላ ታቅፎ ከባዶው አውቶቡስ ይወርዳል። እትዬ ወይንሸት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ “ሴትዮዋስ? ደረሰች?” አሉኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ አልቻልኩም። “ደርሳለች። ይቺ የልጅ ልጇ ናት” አልኩ። “እሰይ!” አሉና ከቆሎው አንድ ጭብጥ አፈሱልኝ። ውሸቱ ጣፈጠኝ። የግድግዳውን ሰውዬ መንትያ ወንድሙን አገናኘሁት። በውሻው ክፍል መጨረሻ፣ እውነተኛው ባል ገና ከላይ በሬዲዮ እየተጣራ ነው፤ ሚስቱ ድምፁን ትሰማለች፣ ገበታው ላይ የተቀመጠውን ሌላውን ታያለች፣ ሬዲዮኑን ትዘጋና ምሳዋን ትቀጥላለች። እኔ ግን፣ “ልትቀበለው ልትወጣ ስለሆነ ነው የዘጋችው፤ ባሏን አስገባችው፣ ያንን አስመሳይ አባረረችው” አልኳቸው። ለዚህ ነው አንደኛ የወጣው። በመላው ዓለም ያንን ክፍል መጨረሻው ያማረ ነው ብለው የወደዱት እሳቸው ብቻ መሆን አለባቸው።

በሁለተኛው ክረምት እትዬ ወይንሸት ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። ለእናቴ እንዳልናገር በእመቤታችን ስም አስማሉኝ። ለምርመራ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ረቡዕ ከሰዓት ዋለ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ እኔን ስታይ ፊቷ ተለወጠና ልጅ ማስተርጎም የለባትም፣ በስልክ አስተርጓሚ እጠራለሁ አለች። ይህን ስነግራቸው እትዬ ወይንሸት ቦርሳቸውን ጭብጥ አደረጉ። “በስልክ የምታወራውን ሴትዮ በድምፅዋ አውቃታለሁ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ነው የምትቆመው። ወይ ቤቴል ታስተርጉም፣ ወይ ማንም አያስተርጉም” አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ አገር ያለው ሐበሻ በድምፅ ይተዋወቃል። ሐኪሟ ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና በቀስታ፣ ቃል በቃል መናገር ጀመረች።

ካንሰር ነው አለች። የዴን ሃግ ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው የሚሳደቡበት ቃል ነው፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ እሰማው ነበር። ሰው ሳይሳደብ ሲለው የሰማሁት ያን ዕለት ነው። በጊዜ ተደርሶበታል፣ ግን መቆረጥ አለበት፣ ቶሎ፤ ከተተወ ይዛመታል አለች። ሁሉም ገባኝ። ከዚያ ዞር ስል እትዬ ወይንሸት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እየጠበቁኝ ነው።

“ትንሽ እብጠት ናት” አልኩ። “ብትፈልጊ ትቆረጣለች። ካልፈለግሽም ችግር የለውም።”

“ተመስገን!” አሉ፣ ተነሡም። “እንግዲያው ቢላ ምን ያደርግልኛል? በጸበሌ እታሻለሁ። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም በያት።”

ያሉትን ለሐኪሟ ነገርኳት። ቃል በቃል ነው፣ አንድም አልጨመርኩም። ብዕሯን አስቀመጠችና፣ ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ ወይንሸት ሻርፓቸውን እየጠመጠሙ ነው፤ በሩን ካለፉ መሞታቸው ነው፣ የሚሞቱት ደግሞ በእኔ አፍ ነው። እንዴት እንደምጀምረው ቸገረኝ።

“እትዬ ወይንሸት” አልኩ፣ “የውሻው መጨረሻ ውሸት ነው። ሚስትየዋ በሩን አልከፈተችለትም። ሬዲዮኑን ዘጋችበት።”

በቁማቸው ደርቀው አዩኝ። መጀመሪያ ሊስቁ ነበር። ቀጥሎ ሐኪሟን አዩ፣ መልሰው እኔን። ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውንም መሬት አኖሩት።

“ይቺስ? ይቺስ ምን አለች?”

ነገርኳቸው። እያለቀስኩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣ “ከተቆረጠ እድናለሁ ወይ በያት” አሉ። ብዙ ተስፋ አለ አለች። “እሺ ትቁረጠዋ። ምን ታለቃቅሻለሽ? የሚቆረጠው የኔ ነው!” ብለው በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫዬን ጠረጉልኝ። ስንመለስ፣ ትራሙ ሆላንድስ ስፖር ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ስለ ካንሰሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የተቆጡት በሚስትየዋ ነው። “ዘጋችበት? ያቺ ከንቱ! ምሳዋን እየበላች?” ይላሉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩና ደግሞ ይጀምራሉ። ልንወርድ ስንል ዞር ብለው፣ “ስንቱን ነው የዋሸሽኝ?” አሉኝ። “ሰባቱን” አልኩ። “ጉድ ነው” አሉ።

ያን ማታ ራሳቸው ፎቅ ወጥተው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ደነገጠች፣ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ቁጣዋን እኔ ላይ አወረደችው። እንዲህ ያለ ነገር ለታመመ ሰው ፊት ለፊት ይነገራል? መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፤ አንቺ ማን ነሽና ነው? እትዬ ወይንሸት አስቆሟት። “ሽማግሌ መጥቶ ቢሆንማ ደህና ነሽ ብሎኝ በልቶ ጠጥቶ ይሄድ ነበር። ይቺን ልጅ አትንኪያት” አሏት። እናቴን ዝም ሲያሰኛት ያየሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። የፊልሙን ሳጥን ከመጀመሪያው ዲስክ አንሥተን እንደገና አየነው፤ በዚህኛው ዙር በየመጨረሻው እጃቸውን አንሥተው አቁሚው ይሉኝና ሕጋችንን ያስታውሱኛል፦ “መጀመሪያ የነሱን። ከዚያ የራስሽን።” የነሱን እነግራቸዋለሁ፤ ይራገማሉ፣ ይተክዛሉ። ከዚያ ደግሞ የእኔን በደስታ ያዳምጣሉ፣ ሲያሰኛቸውም ያርሙልኛል። ዝርዝሩም ተቀየረ። አውቶቡሱ አንደኛ ወጣ። “እውነት ነው እኮ፣ የልጅነቷ ሰፈር ሲደርስ ማን ያስታውሳታል ውረጂ ብሎ?” አሉ። ውሻው ሦስተኛ ወረደ፣ እሱም ለውሻው ሲባል ነው።

አምስት ዓመት ኖሩ። ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ልጨርስ ነበር፤ ያኔ ሆስፒታሉ ያለ ስልክ አስተርጓሚ አላናግርም አለ፤ እሳቸውም ደክሟቸው ነበርና ተስማሙ። ካረፉ በኋላ የቤቱ ባለቤት ድርጅት ክፍሉ ቶሎ እንዲለቀቅ ጠየቀ፤ ዘመዶቻቸው መጥተው ሲያወጡ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሳሎኑ ባዶ ነው። ሳጥኑም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ያ ቀን መቁጠሪያም አብረው ሄደዋል። ፊልሙን እንደሆነ ዛሬ በስልኬ ማየት እችላለሁ፣ እንግሊዝኛውም ያለ ጽሑፍ ይገባኛል። ሞክሬዋለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ያልቃል፣ ቀጣዩ ይጀምራል። አማርኛዬም እንደዚያን ጊዜ አይሮጥም፤ ተንኳኳ ለማለት አስቤ ቃሉን የማላገኘው ቀን አለ።

አሁን በስልክ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። በሥራዬ ጎበዝ ነኝ፣ ይህንንም ሳላፍር ነው የምናገረው። ሕጉ አንድ ነው፤ መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። ሐኪሙ ያለውን እላለሁ፣ እዚያ ማዶ ያለው ሰው ይተነፍሳል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አብዛኛው አመሰግናለሁ እህቴ ይለኛል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለእያንዳንዳቸው አንድ የራሴን መጨረሻ እሠራላቸዋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከእትዬ ወይንሸት ወዲህ ግን አንድም ሰው የራስሽንስ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።