የጋሽ መሰላል እጅ

ጆሮ ያለህ አድምጥ፤ የሌለህ ከጎረቤት ተዋስ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ መሰላል የተባለው የበረራ አስተማሪ፣ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላንና አንድ የተቀደደ የቢሮ ወንበር ላይ ብቻውን ገዢ ሆኖ ተሹሟል። ተቀናቃኝ የለውም፤ ሁሉም ሄዷል።

ስሙን ያወጡለት ወጣት አስተማሪዎች ናቸው። ረግጠውት ይወጣሉ፤ ዞር ብለው አያዩትም። እዚያ የበረራ ትምህርት ቤት ማንም ለማስተማር ብሎ አያስተምርም። ትልቁ አየር መንገድ የሚጠይቀው የበረራ ሰዓት እስኪሞላ ነው። ሲሞላ፣ የጀመረውን ሻይ ጥሎ እንደሚነሳ ሰው ተማሪውን እንደተንጠለጠለ ትቶ ይሄዳል። ምን ያድርግ? ደመወዙ ለቤት ኪራይ አይደርስ፤ ተማሪው ጭኑ ላይ ያስታውካል፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደግሞ «አንተ ገና እዚህ ነህ?» እያለ ፈተና እንደወደቀ ልጅ ያየዋል።

ጋሽ መሰላል ግን ሥራውን ይወዳል፤ በሽታው ይኸው ነው። ጥበቡ እጁ ላይ ነው፤ ተማሪው ሲሳሳት እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። መሪውን ቶሎ ከቀማው ልጁ አይማርም። ከመሬት ሊጋጩ ሲሉ ብቻ «ለኔ» ብሎ ይይዘዋል።

ሴት ልጁንም እንዲሁ አስተማራት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በቤትም በአውሮፕላኑም ያለችለት እሷ ብቻ ናት። እሷም አስተማሪ ሆና አጠገቡ ስትቀመጥ፣ በዚያው እንድትቀርለት ቋመጠ። አልነገራትም።

አንድ ማለዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ቢሮ ገባች።

«አባዬ፣ አየር መንገዱ ጠራኝ።»

«እሰይ። መቼ ነው?»

«አሁን። መኪናው ውጭ ቆሟል።»

«ለካ አንቺም መንገደኛ ነበርሽ» አላት እየሳቀ።

«ቅር አለህ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ።»

በሩን ይዛ ቆመች። «ቅሪ ካልከኝ እኮ…»

እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ትንሽ ልጠብቅ አለ፤ ራሷ ታስተካክለዋለች ብሎ። በሩ ተዘጋ።

«ለኔ» አለ፣ ለባዶው ክፍል።

አሁን ከፍ ብሎ ትልቅ አውሮፕላን ሲያልፍ ሽቅብ ያንጋጥጣል።

«ጋሼ፣ ምን ታያለህ?» ይለዋል ተማሪው።

«ደመና። አንተ ፊትህን እይ።»

እንግዲህ አንተ የመስኮት ወንበር የምትሻማ አንባቢ፣ አብራሪዋ እንደ ላባ ስታሳርፍህ ማጨብጨብህ አይቀርም። ስትወርድ ማን እንዳስተማራት ጠይቃት። «አባቴ» ካለችህ፣ እባክህ እንዲህ በላት፦ ያን ቀን በሩን ይዘሽ ስትቆሚ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ የቆየው ሂጂ ለማለት አልነበረም…