ዋጋ የቀነሰበት ሳምንት

እዚህ ጀርመን አገር፣ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ፌሪየን የሚሉት ዕረፍት አልቆ በተመለሱ ቁጥር አንድ ነገር ይጠየቃል፦ ዕረፍቱን የት አሳለፋችሁ? አንዱ ባሕር፣ አንዱ ተራራ፣ ግማሾቹ ያንን ትልቁን የመጫወቻ ፓርክ። የእኔ ልጅ ሁለተኛ ክፍል እያለች የቤታችንን በረንዳ ሥላ ሰጠች። መምህሯ «እንዴት ያምራል» ብላ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የወላጆች ስብሰባ ሄጄ አየሁት። የልብስ ማስጫው እንኳ አልቀረም።

«በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን» አልኳት። በሚቀጥለው ዓመት መግቢያው ጨመረ። እኔም የማስቀምጠውን ጨመርኩ። እሱ ደግሞ እንደገና ጨመረ። አንድ ቁርጥ ያለ ዋጋ እንኳ የለውም፤ ቅዳሜ ሌላ፣ ማክሰኞ ሌላ፣ ቀደም ብሎ በስልክ ለገዛ ሌላ፣ በር ላይ ለቆመ ሌላ። ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ። ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ጫኝ ነኝ። አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን እጥፍ ከፍሎ እንደሚሆን እኛ ጫኞቹ ሁላችንም እናውቃለን። ፌሪየን መግባቱንም ካላንደር አይነግረኝም፤ ወገቤ ነው የሚነግረኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማስታወቂያ ላይ የማየው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነበር። ከቁጥሩ ፊት በደቃቁ የተጻፈች «ከዚህ ጀምሮ» የምትል ነገር መኖሯን ያወቅሁት ከተማርኩ ወዲያ ነው። ቁጥሩን በደንብ አድርገው ለሁሉም ያሳያሉ። ቃሏን ላነበበ ብቻ።

ያንን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው ቦርንሃይም፣ ዳቦ ቤት በላይ ባለች አንድ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ አስቀምጠው በመጀመሪያ የእኛን ፊደል፣ ከዚያ የጀርመኖቹን አስቆጠሩኝ። አንድ ሳንቲም ተቀብለውኝ አያውቁም። ምሳ ልጋብዝዎ ብዬ ስወስዳቸው «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ይሉና ከፍለው ይመለሳሉ። ልጄ ኦፓ ትላቸዋለች። ሌላ አያት አታውቅም።

ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ናት። ጨርሳለች ማለት ይቻላል፤ አንድ ሁለት ዓመት ከቆየሁ ከእኔ ጋር መታየቱንም አትፈልግም። ስለዚህ ይህ ክረምት ሳያልፍ ፓርኩ እንሂድ አልኩ። «ኦፓም ይምጣ» አለች። ባለቤቴም ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። የሚመጣውን ማን አወቀ።

ባቡር ውስጥ ጋሼ ስለ እህታቸው አወሩን። ደሴ ያሉ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ እናታቸው ሲሞቱ ያሳደጓቸው። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየተከተለ ነው።

«ለመስቀል እሄዳለሁ» አሉ። «ፊቴን ሳታይ እንዲጨልምባት አልፈልግም።»

የአውሮፕላን ቲኬቱን ግማሽ ሰኞ ይከፍላሉ። ሀውፕትባንሆፍ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቲኬት የሚሸጠው የእኛ ሰው በሁለት ጊዜ ይቀበላቸዋል። የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉት።

«ይኸውላችሁ፣ እዚሁ ነው።»

«ጋሼ፣ ምን ነው ቤት ቢያስቀምጡት?» አለች ባለቤቴ።

«ቤቴ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ከወጣሁ ማን ይጠብቀዋል?»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ የሳቅሁበትን አላስታውስም።

ባለቤቴ መግቢያውን በስልክ ቀድመን እንግዛ ብላኝ ነበር። ያላየሁት ሰው የባንክ ካርዴን ቁጥር አይወስድም ብዬ እምቢ አልኩ። በር ላይ፣ በእጄ፣ ቆጥሬ ነው የምከፍለው። እናም ደረስን፤ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ድምሩን ነገረችን። የሰማሁ አልመሰለኝም። ደገመችልኝ። እኔ ያሰብኩት የስልኩን ዋጋ ነበር፤ ይሄ የበር ነው፣ ያውም የቅዳሜ። ይሁን ብዬ እጄን ወደ ጃኬቴ ስሰድድ የጋሼ እጅ በመስኮቱ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ይተዉ!»

«ዞር በል።»

«በእግዚአብሔር! የጋበዝኩዎት እኔ ነኝ!»

«እኔ ቆሜ? ይቺ ልጅ ኦፓ እያለችኝ? አያት ባለበት አባት ይከፍላል እንዴ?»

«የቲኬትዎ ገንዘብ ነው እኮ!»

«ስሞት ትከፍላለህ!»

እኩያዬ ቢሆን ክንዱን እጠመዝዘው ነበር። ሳክሰንሃውሰን አንድ ምግብ ቤት ከጓደኛዬ ጋር «እኔ ልክፈል» ስንባባል ወንበር ሰብረናል። አንቱ የምትለውን ሰው እጅ ግን አትጠመዝዝም። ጫፉን ያዝ አድርገህ ትለምናለህ እንጂ። ከኋላችን የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«ፓፓ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው» አለችኝ ልጄ በጀርመንኛ።

የመስኮቷ ልጅ ደንግጣለች። የተጣላን መስሏት ስልክ አንሥታለች። ሁለታችንም መክፈል ስለፈለግን ነው አልኳት። ሁለታችንንም ደጋግማ አየችን። ከዚያ ለእጇ የቀረበውን ገንዘብ ወሰደች። የጋሼን።

ሰኞ ለቲኬት የሚሰጡት ገንዘብ አለቀ ማለት ይቻላል። እፍኝ የማይሞላ ሳንቲም ነው የተመለሰላቸው።

ከዚያ በኋላ የዋልነውን እንዴት ልንገራችሁ። ባለቤቴ ከባንክ ካወጣነው ላይ ቆጥራ ጋሼ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሲሰቅሉ ኪሳቸው ጨመረችው። አገኙት። የልጄ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። እኔ አውጥቼ ጃንጥላቸው ውስጥ ደበቅሁት። ምሳ ስንበላ ከምግቡ ሣጥን ክዳን ሥር ተገኘ። ያን ዕለት ከልጄ ይልቅ ያ ገንዘብ ተጫውቷል። ማታ ቤት ስንገባ ከፔርሙሳችን ክዳን ውስጥ ተጠቅልሎ ወጣ። አሸነፉ።

ቀን ላይ፣ ልጄ አህተርባን የሚሉት ተጠማዛዥ ባቡር ላይ ወጥታ፣ ሐዲዱ አናታችን ላይ ሲጠማዘዝ እና ስትጮኽ እየሰማን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። እኔ ነገር አሳምሬ መናገር አልችልም።

«ጋሼ፣ የእህትዎ ዓይን እስከ መቼ ይጠብቃል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው ባቡሩን ሲያዩ ቆዩ።

«ልጅም አይጠብቅም» አሉ። «ከርሞ ኦፓ ማለቷን ትተወው ይሆናል። እኔ ለገና እሄዳለሁ።»

ለገና! የታኅሣሥና የጥር ወንበር ስንት እንደሚሸጥ እኔ አላውቅም? ጡረታቸው እስኪጠራቀም ቲኬቱ ሸሽቷቸው ይሄዳል፤ ልክ ፓርኩ ከእኔ ሲሸሽ እንደኖረው። ተናድጄ ነበር። ፓርኩ ላይ፣ መስኮቷ ላይ፣ እሳቸው ላይ፣ ፍቅሩን ካልከፈለ የገለጸ በማይመስለው በእኛው ሰው ሁሉ ላይ። ልጄ ፀጉሯ ተበታትኖ እየሳቀች መጣችና መሐላችን ተቀመጠች። ያን ሳቅ የገዛላት የማን ዓይን እንደሆነ አታውቅም። ባታውቅም ደግ ነው።

ሰኞ የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ በሥራ ልብሴ ቲኬት ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ከፔርሙሱ የወጣውን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ጋሼ ሲመጡ፣ ግማሹን እንዳትቀበላቸው። ዋጋው ቀንሷል በላቸው። የቀረውን ብቻ ቀስ ብለው ይክፈሉ።»

መነጽሩን አውልቆ እስኪበቃው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ቀነሰ? ለመስቀል? ለምን አየር መንገዱ አበደ በላቸው አትለኝም!»

«ቀነሰ በላቸው።»

«እሺ፣ የሚያምኑኝ ይመስልሃል?»

«ማመን አይጠበቅባቸውም። መሄድ ነው ያለባቸው።»

ሳቁን ተወ። ገንዘቡን ቆጥሮ መሳቢያው ውስጥ አስገባ።

በሳምንቱ መሐል ጋሼ ደወሉልኝ። ቲኬቱን ሊሰርዙ ሻጩ ዘንድ ሄደው ነበር።

«ልጁ ዋጋው ቀንሷል አለኝ» አሉ።

«ጥሩ ነዋ።»

«ለመስቀል ነው እኮ የምልህ።»

«አንዳንዴ ይቀንሳል ጋሼ።»

«አንተ እዚያው የምትሠራው፣ ቀንሶ አይተሃል?»

ማንበብ ላስተማረኝ ሰው ከዚያ በፊት ዋሽቼ አላውቅም። የጻፍኩትን ሁሉ በቀይ ያረሙልኝ ሰው ናቸው።

«አይቻለሁ» አልኩ።

ወረቀት ሲያጣጥፉ ሰማሁ።

«እንግዲያው የምሄድ ቀን ሻንጣዬን አትወርውረው» አሉና ዘጉት።

በሚሄዱበት ቀን በዚያ በረራ እንዲመድቡኝ አለቃዬን ለምኜው ነበር። ሌላ ጫፍ መደበኝ። ሻንጣቸውን ማን እንደጫነው፣ ይወርውረው አይወርውረው አላውቅም። አውሮፕላናቸው ሲነሣ ግን አየሁት። እንደሌላው አውሮፕላን ነው የሚነሣው።

ከመስቀል በኋላ ተመልሰው ቤታችን መጡ። ለባለቤቴ በርበሬ፣ ለልጄ ነጠላ ይዘዋል። እህታቸው ከደጅ ቆመው ነው የተቀበሏቸው። በቀረችው ዓይን በደንብ አይተዋቸዋል። «ሸብተህ አለቅህ፣ ምን ያጣደፈህ ነገር ነው» ብለው ተቆጧቸው። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳር እንደማይጨምሩ እናውቃለን።

«ስለ ቲኬቱም አጫወትኳት» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ጀርመን አገር እኮ ዋጋ ይቀንሳል አልኳት።»

«ምን አሉ?» አለች ባለቤቴ።

«‹ተወኝ ልጄ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው› አለችኝ።»

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ጋሼም ከዚያ በላይ ነገሩን አልነኩትም፤ እኔም አልነካሁትም። እስከ ዛሬም አልተነጋገርንበትም።

ልጄ በዚህ መሐል የእናቷን ስልክ ይዛ መጣች። ፓርኩ የከርሞውን ዋጋ አውጥቷል። በጀርመንኛ አነበበችልን። ጨምሯል። ጋሼ «እስቲ አምጪው» አሉና እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሻዩ ተደፋ።

መነጽራቸውን አወጡ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ላነበው ብዬ ነው።»