የማያልቀው ጭስ ማውጫ

ሰማያዊ ቱታ የማይለየው ሰውዬ በአንዲት ባለሁለት ወንበር አውሮፕላን ላይ አዲስ ጭስ ማውጫ የሚገጥመው ከሚስቱ ሊኮበልል ነው ይባላል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ድምፅ የሚባል ነገር ስለማያሳልፍ፣ በገዛ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቢበር እንኳ ሴትዮዋ ድመት አንኮራፋች ብላ ተገላብጣ ትተኛለች አሉ።

የአውሮፕላን ጋራዡን ዘበኛ ግን ወሬው አልዋጥልህ ብሎታል። ለመጥፋት የቸኮለ ሰው አንድ ቧንቧ ሰባት ወር ይገጥማል? ሰውዬው ጠዋት ያሰረውን ብሎን ከሰዓት ይፈታዋል። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፤ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ አድርጎ ያብሰዋል። «በዚህች በኩል ትንሽ ጭስ ወደ ውስጥ ከገባች፣ መሪ የያዘ ሰው ሳይታወቀው እዚያው አንቀላፍቶ ይቀራል» ይላል። እንከን ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል። ሲያጣ ደግሞ ይጠቁርና መፍቻውን አንስቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ይፈታታል።

ዛሬ ዘበኛው አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ከእትዬ ሊያመልጡ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ሰውዬው የመጨረሻውን ብሎን በመዳፉ ላይ አገላበጠ።

«እኔን እንኳን ሰማይ፣ መሰላልም ያዞረኛል። አውሮፕላኗ የሚስቴ ናት፤ የምታበረውም እሷ ናት። በአሮጌው ቧንቧ እንዳትሄድ፣ ጭሱ ይገድላታል። አዲሱ ባለቀ ማግስት ጥላኝ ትሄዳለች። እኔ የትም አልሄድም።»