ጨዋታ የማያዩት ተመልካች

እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን ያሳብዱኛል። ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያን ሁሉ ትራፊክ ችለው ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ይመጣሉ። የልጃቸውን የኮሌጅ የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ሊያዩ ነው እንዳልል፣ ልጁ ገና በረዶው ላይ ሲወጣ ካፖርታቸው ላይ የደረቡትን ነጠላ ፊታቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። ከዚያ ጥያቄው በእኔ ላይ ይወርዳል።

«ልጄ፣ ወደቀ እንዴ? ተነሳ?»

የእኔው ልጅ ተጠባባቂ ስለሆነ ሥራ የፈታሁ ይመስላቸዋል።

ልጃቸው አጥፍቶ ዳኛው ከመስታወት ጀርባ ሲያስቀምጠው ደግሞ እልልታቸውን ያቀልጡታል። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

«እማማ፣ ተቀጥቶ እኮ ነው!»

«ይቀጣ! እዚያ ማን ይመታዋል?»

ዛሬ የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። የአራት ዓመት ክብሩ በማይክራፎን ተነበበ፤ ሁለት ጊዜ ምርጥ ተከላካይ፣ ዘንድሮ ደግሞ የቡድኑ ካፒቴን። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሳቸው እንደተሸፈኑ ናቸው።

«ኧረ በማርያም፣ እማማ! ዋንጫ ይዞ ቆሟል፤ ይዩት እንጂ!»

«እየሳቀ ነው?»

«አዎ፣ እየሳቀ ነው።»

«ጥርሱ ሙሉ ነው?»

ከፊት ሁለቱ የሉም።

«ሙሉ ነው» አልኳቸው፤ ምን ላድርግ!

ከነጠላው ሥር ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ እቤት ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ለምንድን ነው?»