በርበሬው ቤት የቆመችው የጣሊያን መኪና

ለጥቂት ጊዜ ተብሎ በአደራ የተሰጣችሁ ዕቃ፣ ቆይቶ ቆይቶ ቤታችሁን ነጥቋችሁ ያውቃል? ይህን የምጠይቀው ቡሬ በመምህርነት ተመድቤ በተከራየሁበት ግቢ ሲደርስ ስላየሁ ነው።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። በግቢው ጥግ ባለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንዲት የጣሊያን ስሪት መኪና ቆማ ነበር፤ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የድሮ የስፖርት መኪና። አባታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ ገዝተው፣ እስከ ቡሬ ነድተው አመጧት። እሳቸው ሲሞቱ መኪናዋ ለእትዬና አዲስ አበባ ለሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ደረሰች። ወንድምየው «እስክወስዳት እዚሁ ትቆይ» አለ። ቆየች።

ቤቱን ስከራይ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ግን መኪናዋን ሳይሆን የእትዬን ሳል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቡሬ የበርበሬ አገር ናት፤ በርበሬ ደግሞ ደረቅና አየር የሚያገኝ ቤት ይፈልጋል። ያንን ቤት መኪናዋ ስለያዘችው የእትዬ በርበሬ በጆንያ ሆኖ የሚቀመጠው ከአልጋቸው አጠገብ ነበር። እሳቸው ሲያስሉ፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔም አልተኛም። ጠዋት ሁለታችንም ደክሞን እንነሳለን። ክረምት ሲመጣ የሁለቱም ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ እትዬ ባልዲ ይዘው የሚሮጡት ግን ወደ በርበሬያቸው ሳይሆን ወደ መኪናዋ ነው።

«ዘንድሮ እሷ ካልወጣች እኔ ነኝ የምወጣ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ወንድማቸው መጣና ከስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየን። ውጭ አገር፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ የድሮ የጣሊያን መኪኖች ተራ በተራ እየገቡ በሐራጅ ይሸጣሉ።

«እታለም፣ ይችን እያት! የእኛይቱ መንትያ ናት።»

እትዬ ስልኩን ጠጋ ብለው አዩት። «ይችማ ገላዋን የምትታጠብ ናት።»

እኔም አስረዳኋቸው። በዚህ ንግድ ዋናው ነገር ማብረቅረቁ አይደለም፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ዕቃ ሁሉ ሳይለወጥ፣ ሳይነካካ መገኘቱ ነው አልኳቸው።

«ሳይነካካ? አንተ መምህር፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት መኪና እኮ ናት!»

«ዶሮዋ ዕቃ አልቀየረችም፣ እትዬ።»

«እሱስ እውነትህን ነው። ጨመረችበት እንጂ።»

ወንድማቸው መኪናዋን በዚያው ዓይነት መንገድ ለመሸጥ ወሰነ። ሰው በታሸገ ፖስታ ዋጋ የሚያስገባበት ጨረታ ይቀላል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በስልኩ እንዳየው ተጫራቾቹ ፊት ለፊት ቆመው እጅ የሚያወጡበትን ሐራጅ ፈለገ። ማስታወቂያውን በስልክ በተነው። ቀን ተቆረጠ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ተላለፈ። እንደገና ተቆረጠ፤ እንደገና ተዘጋ። በየቀጠሮው እትዬ በደስታ ጆንያዎቹን ያስወጣሉ፣ እኔ እሸከማለሁ፤ ቀኑ ሲተላለፍ መልሰን እናስገባለን። ከክፍል የቀረችኝን ጉልበት የጨረሰው ይህ ምልልስ ነው።

በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈት ተጫራቾች መጡ። ሐራጁ ቶሎ አለቀ። ያሸነፉት ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የድሮ መኪና የሚሰበስቡ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ተሰናብተው ሄዱ። ሽማግሌው ግን ከመክፈላቸው በፊት የሞተሩን ኮፈን ከፍተው አጎነበሱ፤ ቀና ሳይሉም ብዙ ቆዩ።

«የፋብሪካ ሰሌዳዋ የት ሄደች?»

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። ኮፈኑ ሥር መዳፍ የምታክል ስስ ብረት ትኖራለች፤ የመኪናዋ ቁጥር የተቀረጸባት። መኪናዋ ራሷ መሆኗን የምትመሰክረው እሷ ናት። በቦታው አራት ባዶ ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ።

«ያለ እሷ አልወስዳትም» አሉ ሽማግሌው።

ወንድምየው ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ የዚህ ቤት ቁልፍ አንተ ጋ አልነበረም?»

እትዬ «ልጁን ተወው። እኔ ነኝ» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ሰሌዳዋ ወጣች። ቢላውን ዘይት ቀብተው፣ እንዳይቧጭራት እያባበሉ ነበር የነቀሏት።

ወንድምየው ራሱን ያዘ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የተወለድኩት ገበዝ ማርያም ነው፤ አባቴ በሬ ሲሸጥ ገመዱን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል፤ ገዢው የራሱን ገመድ ያመጣል። የቤቱ በረከት ከከብቱ ጋር ጠቅልሎ እንዳይወጣ ነው። ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ገመድ የላትም» አሉ እትዬ። «ለመንዳት አትረባም ብዬ ከሁሉ ትንሿን መረጥኩ።»

ሽማግሌው አልሳቁም። «እህቴ፣ ሌላ ነገር ያስቀሩ። መስታወቷን ይውሰዱ። ካሻዎት ክላክሷን።»

«ክላክሷንማ አይሆንም!» አለ ወንድምየው።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ገዢው እኔ ነኝ» አሉት።

እትዬ አልሰሟቸውም። በተከፈተው በር፣ መኪናዋ የወጣችበትን የቆርቆሮ ቤት ባዶ ወለል ያዩ ነበር። ከዚያ ሰሌዳዋን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ።

«ምንም አልፈልግ። የማስቀረው ነገር ሁሉ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። እኔ ደክሞኛል።»

መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ሄደች። እትዬ በር ድረስ አልሸኟትም። ከሰዓት በኋላ ጆንያዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ተሸክሜ ወደ ቆርቆሮው ቤት አስገባሁ። እሳቸው አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጡና «እንግዲህ ሳሉ ቢመለስብኝ በማን ላሳብብ ነው?» አሉ።

ሳሉ ቀንሷል። እኔ እተኛለሁ። እሳቸው ግን ዝናብ ሲጥል አሁንም ብድግ ይላሉ፤ ባልዲውን ያነሳሉ፤ ከዚያ የሚሮጡበት ስለሌለ መልሰው ይቀመጣሉ።

ኋላ ጠየቅኳቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ወንድማቸውን «መቼ ነው የምትወስዳት?» ብለውት አያውቁም። ይሉኝታ ያዛቸው። እናንተም ለሌላ ሰው የምትጠብቁት ዕቃ ካለ፣ ዛሬ በሩን ክፈቱ፤ አጠገቡ ቆማችሁ ለባለቤቱ ደውሉና ይህችኑ ጥያቄ ጠይቁት። እባካችሁ ሞክሩት።