መሐል ሜዳ ላይ ያፈጠንኩት መልስ

ሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። አርባ ጥራዝ የሥልጠና ጽሑፍ በሁለት ፌስታል አንጠልጥዬ «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ!» የሚለውን ድምፅ እከተላለሁ። ለወረዳ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ግዥና ውል አስተዳደር የሦስት ቀን ሥልጠና ልሰጥ ነው። ይህን ሥልጠና ስንት ከተማ እንደሰጠሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንኳ የጨረታ ሰነድ እንዴት እንደሚከፈት ሳልሳሳት የምነግራችሁ ይመስለኛል።

ጣርማ በር ላይ አስፋልቱን ተሰናብተን ወደ ግራ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ኮረኮንች፣ አቧራ፣ ገደል፣ ጉም። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሁላችንም ወደ ፊት እንሰግዳለን። አንድ ወንዝ ላይ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ የቀረ ድልድይ አየሁ፤ አውቶቡሳችን ግን በውኃው ውስጥ ገባ።

«ይሄ ድልድይ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ጨረታው እንደገና ወጣ አሉ፤ ሦስተኛው ነው። እስከዚያው እንደሚያዩን እግራችንን እንታጠባለን።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ የሙያዬ ነውና ትንሽ አፈርኩ። ሞላሌ ላይ ለቁርስ ቆመን ትኩስ የገብስ ዳቦ በአዋዜ በላን፣ ሻይ ጠጣን። መሐል ሜዳ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ነበር።

ማክሰኞ፣ መሐል ሜዳ

አዳራሹ ግድግዳ ላይ ስለ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የሚናገር ባነር ተሰቅሏል። ሠልጣኞቹ ከየወረዳው የመጡ የግዥ፣ የፋይናንስና የሰው ኃይል ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ገና ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ ጎልማሳ ብድግ አሉ። አቶ ጌታነህ ይባላሉ፤ ስሙን ይቅርታ አድርጉልኝና የማልጠራው ወረዳ የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው።

«አሠልጣኝ፣ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አንድ የግዥ ሠራተኛ ያለ ጨረታ ዕቃ ቢገዛ ቅጣቱ ምንድን ነው?»

የአሠልጣኝ ነገር! በመጀመሪያው ቀን ኮስተር ብሎ መታየት ደስ ይላል።

«ማሰናበት ነዋ!» አልኩ ጠመኔዬን እያወዛወዝኩ። «ያለ ጨረታ የገዛ ሰው የመንግሥትን ገንዘብ በጓሮ በር አወጣ ማለት ነው። ሁለት ቃል የለውም!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ለዕውቀቴ የተሰጠ ክብር አድርጌ ወሰድኩት። አቶ ጌታነህ አጎንብሰው ጻፉ። ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትክ ብላ ታየኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ያቺ ወጣት አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብዙነሽ ትባላለች፤ የአቶ ጌታነህ ወረዳ የግዥ ሠራተኛ ናት።

«ጋሼ፣ ትናንት የፈረዱት እኮ በእኔ ላይ ነው» አለችና ወረቀት ሰጠችኝ።

ሳነበው ክው አልኩ። የወረዳው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት ሁሉም ሥልጠና ላይ ስለነበሩ እዚያው መሐል ሜዳ በምሳ ሰዓት ተሰብስበው ብዙነሽን ከሥራ አሰናብተዋታል። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያ በሠልጣኞች ፊት እንዳረጋገጡት፣ ሁለት ቃል የለውም።» የራሴ ቃል! ማኅተም አርፎበታል።

«ምን ገዝተሽ ነው?»

«ሠላሳ ባና።»

ባና የመንዝ ሸማኔዎች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ለጤና ጣቢያው አልጋዎች ብርድ ልብስ እንዲገዛ ብዙነሽ ሁለት ጊዜ ጨረታ አውጥታ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ተወዳዳሪ አልመጣም። ውርጩ ሲበረታ የኃላፊዋን የፈቃድ ደብዳቤ ይዛ በቀጥታ ከሸማኔዎቹ ገዛች። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። እኔም እንደሚፈቅድ አውቃለሁ፤ ለሦስተኛው ቀን ባዘጋጀሁት ምዕራፍ ውስጥ ተጽፏል። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ሰው አሰናበትኩ።

አቶ ጌታነህን እጃቸውን ይዤ ወደ ውጪ ወጣሁ።

«እኔ እኮ ስለማን እንደሆነ አልተነገረኝም!»

«እርስዎም አልጠየቁም» አሉኝ፤ ቁጣ የለባቸውም። «እኛ ዘንድ የሕግ ባለሙያ የለም። ከላይ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ጠይቀን ቃሉን እንይዛለን፤ ስንሠራበት የኖርነው እንዲህ ነው።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት የምዕራፎቹን ተራ ጥሼ የቀጥታ ግዥን ምዕራፍ አስተማርኩ። አቶ ጌታነህ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ጻፉ።

«ታዲያ ውሳኔውን ታነሡታላችሁ?» አልኳቸው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ተፈርሞ ወጥቷል። ከእንግዲህ በይግባኝ ነው፤ ዞን ትሂድ።»

ሐሙስ

ብዙነሽ አልመጣችም። የውል ማራዘሚያ፣ የዋስትና አያያዝ፣ የርክክብ ሰነድ፤ ሁሉንም አስተማርኩ፣ አንዱም አልጣፈጠኝም። ምስክር ወረቀት አድለን እንደተለያየን ሆቴል ገብቼ ለይግባኟ የሚሆን የምስክርነት ቃል ጻፍኩ። መልሱን የሰጠሁት ዝርዝሩን ሳልሰማ መሆኑን፣ ግዥው በሕግ የተፈቀደ መሆኑን፣ ሥራዋ ሊመለስላት እንደሚገባ ዘረዘርኩ። ጥሩ የጻፍኩ መሰለኝ።

ዓርብ፣ መልስ ጉዞ

ንጋት ላይ ከመሐል ሜዳ ተነሣን። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ብዙነሽ የይግባኝ ማመልከቻዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ተሳፈረች። አጠገቤ ቦታ ለቅቄላት የጻፍኩትን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን ስለ ባናዎቹ አልጻፉም።»

«ስለ ሥራሽ ነው የጻፍኩት።»

«ባናዎቹ ትናንት ከአልጋዎቹ ላይ ተገፈዋል። በሕገወጥ መንገድ የተገዛ ንብረት ነው ተብሎ መጋዘን ገብቶ ታሸገበት። ከተኙት አንዷ አራስ ናት። ዛሬ ስሰናበታት የባሏን ጋቢ ለብሳ ነበር፤ እሱ በሸሚዝ ቆሟል።»

የጻፍኩትን ከእጇ መልሼ ተቀበልኩ።

«የእኔን ወደ ታች ያውርዱት» አለችኝ። «መጀመሪያ ባናው ይመለስ ብለው ይጻፉ።»

አዲስ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ብዕሬ ይስታል፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ይወጣል። ጣርማ በር ስንደርስ ፈረምኩበት።

ደብረ ብርሃን እንደወረድን በቀጥታ ወደ ዞኑ ቢሮ ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት የብዙነሽን ማመልከቻ ተቀበለች፤ የእኔን ወረቀት ግን ገልበጥ አድርጋ አየችውና ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«ጌታዬ፣ ይሄ እንኳን አይነበብም። አስተይበው ሰኞ ቢያመጡት አይሻልም?»

«አይሻልም!» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን አልፎ ሄደ፤ ሰዎች ከየቢሮው አንገታቸውን አወጡ። «ዛሬም እዚያ ያለ ብርድ ልብስ ሊታደር ነው!»

ሴትዮዋ ብዙነሽን አየቻት፣ እኔን አየችኝና መዝገቡን ሳበች።

«እሺ፣ ያንብቡልኝ» አለች።